ያልፈላ ውሃ

ባሌ ዓብዲሳ ፕሮፌሰር ከመሆኑ በፊት የውሃ እብድ ነበር። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ሁሉቃ ወንዝ መሃል ቆሞ ጠርሙስ ሲሞላ ያየ የአምቦ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። እሱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ምህንድስና ያስተምራል፣ እኔ አምቦ አማርኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ በአውቶቡስ ሲመጣ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እኔን ሳይሆን ማቀዝቀዣውን ነው። ቅቤና ሥጋ ላስቀምጥበት ለምኜ ያስገዛሁት ማቀዝቀዣ በጉደር ውሃና በአዋሽ ውሃ ተጨናንቋል። አንድ ቀን እህቴ እንቁ ከመንገድ ደክሟት ገብታ አንዱን ጠርሙስ አንስታ ግጥም አደረገችው። ዓብዲሳ የደነገጠው ለእህቴ ሆድ ሳይሆን ለናሙናው ነበር። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የተወለደው ከጌዶ ወረድ ብላ በምትገኝ ቆርኬ በምትባል መንደር ነው። አምቦ ተማሪ ቤት ሳለ በአንድ ክረምት አባቱን ኦቦ ኩምሳን ተቅማጥና ትውከት በአንድ ጀንበር ወሰዳቸው። ለቅሶ ሲደርስ ሰዎች የዚያኑ ወንዝ ውሃ በጣሳ ቀድተው ሰጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዙ አባቴን ገደለ ብሎ አመነ፤ ድሬስደን ድረስ ሄዶ ተምሮ ሲመለስም ይህ እምነቱ ከሻንጣው አልወጣም። ያን ሁሉ ኬሚስትሪ የተማረው ወንዙን ለመክሰስ ነው ብል አላጋነንኩም። የቀሩት እናቱ አዮ ወርቅቱ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ከቆርኬ ንቅንቅ አልል አሉ።

በሰባ ሰባት ክረምት በሽታው እንደገና መጣ። ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራ ባለሥልጣን አልነበረም፣ ሬዲዮውም ስለ ምርት ዘመቻ ነበር የሚያወራው። እኛ የሰማነው ጉደር ላይ ኬላ ሲጣል ነው። ዓብዲሳ ከአዲስ አበባ በርሮ መጥቶ ኬላው ድረስ ሄደ፤ ለመነ፣ መታወቂያውን አሳየ፣ ዶክተር ነኝ አለ። ጠባቂው የምን ዶክተር እንደሆነ ጠየቀው። የውሃ ብሎ ሲመልስለት ሳቀበትና መለሰው። ቤት ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ግድግዳውን ሲያይ አገኘሁት።

የይለፍ ወረቀት የነበራቸው የእህል መኪኖች ብቻ ነበሩ። ከሹፌሮቹ አንዱን ከበበውን እናውቀዋለን፤ ጎረቤታችን ነው። ዓብዲሳ መኪናው በር ላይ ተንጠልጥሎ መልእክቱን ነገረው።

«ኦቦ ከበበው፣ እናቴ ያልፈላ ውሃ እንዳትጠጣ ንገርልኝ። ሌላ ምንም እንዳትጨምር። ያልፈላ ውሃ እንዳትጠጣ!»

«በቃ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ይህን ከሰማች ትተርፋለች።»

ከበበው ሲመለስ ቤታችን ጎራ አለ። «አግኝቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው» አለ። «‹ቢሻን ሂን ዳንፊኔ ሂን ዹጊን፣ ጄዼ ኢልሚ ኬ› አልኳቸው። ያልፈላ ውሃ አትጠጪ ብሎሻል ልጅሽ፣ ይኸው ነው። ‹ቶሌ› አሉኝ፣ እሺ ማለታቸው ነው። ግን ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች እያለቁ ነው።»

ከዚያ በኋላ መኪኖቹም ተከለከሉ። ዓብዲሳ አዲስ አበባ ሄዶ ፈተና ያርማል፣ ይመለሳል፣ ጉደር ኬላ ድረስ ሄዶ ቆሞ ይመጣል። በአባቱ ላይ የደረሰው በእናቱ እንዳይደገም የነበረችው መከላከያ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። እኔ የሰዋስው አስተማሪዋ በልቤ ስንቴ እንደበታተንኳት! አሉታዋ ልክ ነው፣ ግሷ ልክ ነው፣ ትርጉሟም ልክ ነው። ምንም ስህተት አጣሁባት።

ኬላው የተነሳው በመስከረም ነው። በከበበው መኪና ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ሄድን። ጌዶ ገበያው ጭር ብሏል። ቆርኬ ስንደርስ ከወንዙ ዳር ካሉት ቤቶች ጭስ የሚወጣበት የለም፤ አዲስ የተቆፈረ አፈር ግን በየጓሮው ይታያል። ዓብዲሳ የእናቱን ደጃፍ ሲያይ ቆመ፤ እኔ ቀድሜ ገባሁ። ቤቱ ባዶ ነው። ምድጃው ቀዝቅዟል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለእሱ ምን ብዬ እንደምነግረው ነበር የማስበው።

«ሮማኔ!» ብሎ ሲጠራኝ ሰማሁት ከውጭ።

አዮ ወርቅቱ እንስራ አዝለው ዳገቱን እየወጡ ነው። የሚመጡት ግን ከወንዙም ከጉድጓዱም በኩል አይደለም፤ ከሆራው ነው።

ሆራውን አውቀዋለሁ። ከብት የሚነዳበት፣ ቀይ ጭቃ ካለበት ጎድጓዳ ቦታ የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ውሃው ጥርስ እስኪያም ይቀዘቅዛል፣ ግን ከስሩ ቀንና ሌሊት ይንተከተካል፤ እንደ አምቦ ውሃችን አፍንጫ ይወጋል። እኛ ከተሜዎቹ እንዲህ ያለውን በጠርሙስ ገዝተን እንጠጣለን፤ ለቆርኬ ሰው ግን የከብት ነው፣ ከብት ካልሆነ አይጎነጨውም። የአገሩ ሰው ስለዚያ ውሃ ሲያወራ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ይፈላል።

እንስራውን ሳያወርዱ ልጃቸውን ተቆጡ። ያንን ቁጣ ምነው ደጋግሜ ብሰማው!

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ምን ዓይነት ልጅ ነህ? እናቱን የላም ውሃ የሚያጠጣ! አፌ ዝገት ዝገት አለኝ። ሆዴ ተነፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳገሳ ነው የማድረው። ግን ብለሃልና ጠጣሁ።»

«እኔ... ምን አልኩ፣ አዮ?»

«ያልፈላ አትጠጪ አላልክም? ወንዙ አይፈላ። ጉድጓዱ አይፈላ። የሚፈላው ይኸው አንድ ነው። ጎረቤቶቼን፣ ፋንቱንም ከነልጆቿ፣ ፈይሳንም ከነሚስቱ እያስገደድኩ አጠጣኋቸው። ዶክተሩ ልጄ ሳያውቅ አይልም አልኳቸው። ይኸው በዚህ በዳገቱ በኩል አንድ ሰው አልቀበርንም።»

ዓብዲሳ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። አንድም ቀን እሳት ላይ ያልተጣደ ጥሬ ውሃ፣ በዚያ ሁሉ ሞት መሃል! እኔም ያኔ ገባኝ። ውሃን ያለ እህል፣ ያለ ቅጠል፣ እንዲሁ ብቻውን ጥዶ የሚያበስል ሰው በቆርኬ ታይቶ አይታወቅም። ያልፈላ ውሃ አትጠጪ ለተባለ የቆርኬ ሰው ፍቺው አንድ ነው። ስህተቱ ከዓረፍተ ነገሩ ሳይሆን ከአገሩ ነበር፤ ውሃ ያለ እሳት ከሚፈላበት አገር በቀር የትም ሊደርስ አይችልም።

ላስተካክላቸው አፌን ስከፍት ዓብዲሳ ክንዴን ያዘኝ። «ተዪ» አለኝ በሹክሹክታ። «አሁን አይደለም፤ መጀመሪያ ውሃውን ልመርምረው።»

ከሆራውም ከወንዙም ቀድቶ በበረዶ ሳጥን አዲስ አበባ ወሰደ። በሳምንቱ ትምህርት ቤት የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስልክ ተጠራሁ።

«ሮማኔ፣ ምንም የለም!»

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ሆራው ውስጥ። ምንም ያደገ ነገር የለም። የወንዙ ናሙና ግን በሽታውን ተሸክሟል። ከወንዙ ትንሽ ወስጄ ሆራው ውስጥ ጨመርኩበት፤ በማግስቱ ሳየው ከሞላ ጎደል ሞቷል። ጋዙ ነው፣ ኮምጣጣነቱ ነው። ከድንጋይ ስር፣ ማንም ካልደረሰበት ጥልቀት ነው የሚመጣው። እኮ ልጅ ሆኜ በየቀኑ ከብት ነድቼበታለሁ! ወንዙን ስከስ ዕድሜዬን ስፈጅ ይሄን አንድ ቀን አልቀዳሁትም።»

የርዕሰ መምህሩን ጠረጴዛ ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ፈጣሪን ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ምርምሩ መንገዱን ቀየረ። ከአምቦ እስከ ጌዶ፣ ወዲያም እስከ ካቺሲ፣ ያልቀዳው የሚፈላ ምንጭ የለም። ሁሉም ደህና አልነበረም፤ አንዳንዱ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን ስላለበት አትጠጡ ብሎ ያስከለከለው አለ። ጽሑፎቹ በውጭ መጽሔት ታተሙ። ለፕሮፌሰርነት ሲታጭ ከመርማሪዎቹ አንዱ፣ ወደ እነዚህ ምንጮች ምን መራህ ብለው ጠየቁት። «እናቴ አምናኝ ነው» አላቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ማዕረጉ የጸደቀው በሰማንያ ሁለት ነው። በግ አሳርደን ደስታውን ቆርኬ ላይ እናድርገው አልኩ። መንደሩ ያኔ የእጅ ፓምፕ ገብቶለት ነበር፤ ውሃውን የመረመረው ራሱ ዓብዲሳ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከፓምፑ ይቀዳል። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ አዮ ወርቅቱ ጠፉ። ወጥተን ብናይ በከዘራ እየተደገፉ፣ ትንሽ ጀሪካን ይዘው፣ ከሆራው ዳገቱን ይወጣሉ። ወገባቸው ጎብጧል፤ በየሁለት እርምጃው ይቆማሉ።

ዓብዲሳ ሮጦ ጀሪካኑን ተቀበላቸው። «አዮ፣ ፓምፑ ደጅሽ አይደል እንዴ? ምነው?»

«አይፈላማ» አሉ እያለከለኩ።

«እስካሁን ይሄንን ነው የምትጠጪው?»

«ታዲያ ሌላ ምን ልጠጣ? ያልፈላ አትጠጪ አልክ። ጠጪ ብለህ መች መለስክልኝ?»

እንባዬ መጣ። ያንን የሚጠሉትን፣ አፍ የሚያዝገውን ውሃ፣ እነዚያን ዓመታት ሁሉ! በሽታው ከጠፋ ስንት ክረምት አልፎ፣ ልጃቸው ቃሉን ስላላነሳ ብቻ። ዓብዲሳ ጀሪካኑን አስቀምጦ እግራቸው ስር ተንበረከከ፤ አዲሱ ሙሉ ልብሱ ጭቃ ነካ።

«አዮ፣ ይቅር በይኝ። እኔ ያልኩት በእሳት ነበር። ውሃውን ምድጃ ላይ ጥደሽ፣ በእሳት አፍልተሽ ጠጪ ማለቴ ነበር። ሆራውን አላሰብኩትም። አላውቅም ነበር።»

የሚስቁም የሚቆጡም መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረጉም። ቀስ ብለው ዞረው ወደ ጎድጓዳው፣ ቀዝቃዛው ውሃ ወደሚንተከተክበት ተመለከቱ።

«አንተ በእሳት ማለትህ ከነበረ» አሉ፣ «ይሄኛውን ማነው ያፈላልኝ?»

ፕሮፌሰሩ ጋዙን ያውቃል፣ ድንጋዩን ያውቃል፣ ጥልቀቱን ያውቃል፤ ሁሉንም ጽፎ አሳትሟል። እሱ ግን የጀሪካኑን ክዳን ከፍቶ፣ እዚያው እንደተንበረከከ ጠጣ።