ስሙ ሲጠራ

…እና መርማሪዋ ልጄን በስሙ ትጠራዋለች፣ አንደኛ፣ አይዞርም፣ መጫወቻ መኪናዋን ገልብጦ ጎማዋን ያሽከረክራል፣ ዓይኑን ከጎማዋ ጋር አስጠግቶ፣ የእኔ ምላስ ደግሞ ላንቃዬ ላይ ተለጥፏል፣ ጧ ባደርጋት ይዞራል፣ ቤት ውስጥ በስሙ ዞሮልኝ አያውቅም፣ በምላሴ ጧ ሳደርግለት ግን ከጨዋታው መሃል ቀና ይላል፣ ባሌም ይህንኑ አይቶ ነው፣ ሴትዮዋ ስትጠራው ቀስ ብለሽ ጧ፣ ማን ይሰማሻል፣ ይዞርና እንገላገላለን ያለኝ። እንገላገላለን። ከምን።

የባሌ ጉልበት ጉልበቴን ይገፋዋል። አሁን ማለቱ ነው።

ምላሴን ከላንቃዬ አላላቀቅኩም።

መርማሪዋ የክሊኒኩ ምንጣፍ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ የካልሲዋ ተረከዝ ሳስቷል፣ ስንገባ አንቱ አለችኝ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፣ ምንም ቢያደርግ አይርዱት፣ እሺ? ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁትን፣ የላውንደሪ ልብስ ተኳሿን፣ እርስዎ። አይርዱት ማለት ቀላል ነው። እኔ እኮ ከንፈሩን ሳይልስ ውሃውን ይዤ እገኛለሁ፣ ሳያለቅስ አነሳዋለሁ፣ ሳይጠቁም አቀብለዋለሁ፣ እንዲህ እያደረግኩ ይሆን አፉን የዘጋሁበት፣ ወይስ አፉ ስለተዘጋ ነው እኔ እንዲህ የሆንኩት፣ የቱ ቀደመ፣ ካውያ ይዤ ቀኑን ሙሉ ይህችኑ ጭምዳጅ ስተኩስ እውላለሁ፣ አትዘረጋልኝም።

አማቴ ጠዋት እስከ በር ተከተሉን፣ ምነው ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ ገና ሦስት ዓመቱ እኮ ነው፣ አባቱስ አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ አይደል፣ ይኸው ዛሬ ዝም በል ቢሉት የማይሰማ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ባሌ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ይወዱታል፣ ፊቱ ስለማይፈታ ዳኛው ነው የሚሉት፣ ዳኛው ዛሬ ለማን ፈረዱ እያሉ ያጫውቱታል፣ ክፉ ልላቸው አልችልም፣ ግን እንቁላሉስ ቢሆን የሚሄደው ሲታቀፉት አይደል፣ ዝም ብለው ካስቀመጡት ይገማል እንጂ የት ይሄዳል፣ ይህን አፌ ላይ አድርሼ ዋጥኩት፣ እንደ ሁልጊዜው።

ሁለተኛ። ድምጿን አትጨምርም፣ አታባብልም፣ ስሙን ብቻ። ጎማው ይዞራል።

ኧረ ባክሽ አታካብጂ ይላል ባሌ፣ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል፣ በስድስት ዓመቱ እናሳየዋለን፣ አሁን ኦቲዝም የሚባል ነገር አንዴ ከለጠፉበት ማን ያላቅቅለታል፣ ሰፈሩ በሙሉ በዚያ አይደል የሚያየው። እውነቱን ነው፣ ሰፈር አይምርም፣ ግን የሥራ ጓደኛዬ እህት ልጇን ለሐኪም ያሳየችው በዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እስከዚያ ግትር ነው እየተባለ ይገረፍ ነበር፣ ስንጠራው አይሰማም፣ ንቆን ነው እየተባለ፣ እናትየዋ አሁንም ድረስ ታለቅሳለች፣ ለምርመራው ውጤት አይደለም፣ ለአርጩሜው ነው።

ጧ ባደርግ፣ ይዞራል፣ ትደሰታለች፣ እንወጣለን፣ ታክሲ ውስጥ ባሌ አቅፎት ይስቃል፣ አንድ ቀን ደግሞ መንገድ ዳር እጁ ያመልጠኛል፣ ስሙን እጣራለሁ፣ ስሙ ምኑም አይደለም፣ ምላሴ በዚያ ሁሉ መኪና ጩኸት መሃል ምን ይሰማል።

ሦስተኛ።

ስሙ ክፍሉን ዞሮ ማረፊያ ያጣል። ላንቃዬ ያመኛል። ጥርሴን ነከስኩ።

ጧ።

እኔ አይደለሁም። ባሌ ነው፣ ወፍራም ጧ፣ እንደ ጠርሙስ ቆርኪ፣ ልጁ ንቅንቅ አላለም፣ የዞረችው መርማሪዋ ናት። ይቅርታ፣ ጥርሴን አሞኝ ነው፣ ይላል፣ ጉንጩን ይይዛል፣ የትኛውን ጥርሱን እንዳመመው ገና ስላልወሰነ ሁለቱንም ጉንጩን፣ ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ለየት ያለ ነገር ያስተዋላችሁት ከመቼ ጀምሮ ነው? ትላለች መርማሪዋ። ኧረ ምንም ያስተዋልነው ነገር የለም፣ ይላል ባሌ፣ እሷ ትጨነቃለች እንጂ፣ ለመሆኑ ለዚህ ምርመራ ጥሩው ዕድሜ ስንት ነው፣ ትንሽ ጠንከር ሲል አይሻልም? ሐሳብ የገባችሁ ቀን ነው ጥሩው ዕድሜ ትላለች፣ ካልሆነ ምንም አይጎድልባችሁም፣ ከሆነ ግን ጊዜ አታባክኑበትም። እና ወደ እኔ። እርስዎስ፣ እናቱ?

እኔስ።

ጡት ከሚጠባበት ጊዜ ጀምሮ፣ እላለሁ፣ የእኔ ድምፅ ነው፣ ዓይኑ በጆሮዬ በኩል አልፎ መስኮቱን ያያል፣ መጋረጃውን ዘጋሁት፣ መጋረጃውን ማየት ጀመረ፣ አባቴ የሞቱ ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ በእግሬ ላይ ተራምዶ የድስት ክዳን ሊያሽከረክር ሄደ፣ ሲፈልግ እጄን እንደ ማንኪያ ይዞ ወደ ዕቃው ይወስደዋል፣ ፊቴን አያየኝም፣ እጄን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ በስሙም አይዞርም፣ በምላሴ ነው የማዞረው፣ እያልኩ ነው፣ ማቆም አቃተኝ፣ ባሌን አላየውም፣ ካየሁት ዝም እላለሁ፣ አሁን ይነሳል፣ አሁን ልጁን አፈፍ አድርጎ ይወጣል፣

ቁልፉንስ፣ ይላል ባሌ።

የምን ቁልፍ። ስለ ቁልፍ የማውቀው ነገር የለም።

ከሥራ ስገባ፣ ይላል፣ ለመርማሪዋ ነው የሚናገረው፣ ጉንጩን ለቆታል፣ ከሥራ ስገባ ሮጦ ይመጣል፣ እሷ ኩሽና ናት፣ አታይም፣ ለእኔ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፣ ለቁልፌ ነው፣ ከእጄ ወስዶት ይሄዳል። አንድ ቀን ቁልፉን ኪሴ ከትቼ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። እጄን ገልብጦ አየው። ባዶ ነው። ትቶኝ ሄደ።

ጉልበቱ አጠገቤ ነው፣ አይገፋም፣ እኔ ኩሽና፣ እሱ በር ላይ፣ መሃላችን አንድ ግድግዳ፣ እኔ ብቻዬን የማይ መስሎኝ፣ ደግሞስ አንድ ቀን ብቻ ነው ወይ፣ አንተ ሰው፣ ስንቴ ነው ባዶ እጅህን ዘርግተህ የቆምከው፣ ስንቴ፣ ከመቼ ጀምሮ