ከኩላቡ ያልወረደው ጽዋ

ማኅበራችን የኪዳነ ምሕረት ነው። በየወሩ በዐሥራ ስድስት ቀን ተረኛዋ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ጋግራ ትደግሳለች። ቄሱ ይባርካሉ፣ ይበላል ይጠጣል፤ ከዚያ ደጋሿ ጽዋውን ከነሙዳዩ አንስታ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ በእጇ ታስረክባለች። በእጇ ነው እምላችሁ! በሰው መላክ የለም፤ ደጃፍ አስቀምጦ መሄድ የለም። እጅ ለእጅ፣ ዓይን ለዓይን።

ይህ ጽዋ ሰባት ዓመት እኔ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከኩላቡ ተሰቅሎ ቀረ። ከእኔ ቀጥላ ተረኛዋ ትርንጎ ናታ! የትርንጎ ልጅ ፈንታው ደግሞ ልጄን ደሳለን የገደለ ነው። ምን ቆርጦኝ ነው የማስረክባት?

የማኅበሩ ሴቶች መጀመሪያ ኀዘን ነው ብለው ዝም አሉ። ዓመቱ ሲሞላ ጎረቤቴ አሰለች መጣችና «ወለላ፣ ማኅበሩ እኮ ቆመ፤ ጽዋውን ምን እናድርገው?» አለችኝ። «ልጄን አምጪልኝና ጽዋሽን ውሰጂ» አልኳት። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ሌላ ጽዋ ገዝተው ሊቀጥሉም አስበው ነበር፤ የነፍስ አባታችን አባ ምሥጋናው ግን እምቢ አሉ። «ወይ ይታረቃሉ፣ ወይ ማኅበሩ ይቆማል፤ ተጣልቶ ጽዋ መጠጣት የለም» አሉ። ቆመ እንግዲህ። እኔም ይቁም አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ነገሩ የመጣው በሰማንያ ዘጠኝ፣ መሬት የተሸጋሸገ ጊዜ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለችው የገብስ ማሳችን ከእነ ትርንጎ ጋር ተዋሰነች። ድንበር ላይ የተተከለው ድንጋይ አንድ ቀን ተነቅሎ ተገኘ። ማን እንደነቀለው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ልጆቹ ተሰዳደቡ፣ ዱላ ተማዘዙ፤ ፈንታው አንዴ መታው፣ ደሳለ ከወደቀበት አልተነሳም። አፈር በበላሁ! ያቺ ማሳ እኮ ለወር ቀለብ እንኳ አትበቃም፤ ግማሿ ቋጥኝ ነው፤ የተረፈውን ደግሞ ውርጭ ይመታዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? ትርንጎ ባዕድ አይደለችም። በሰባ ሰባት ባሌ በረሃብ ሲሞት እኔ ትንሹን ልጄን ጋሻዬን ገና መውለዴ ነበር፤ ጡቴ ደረቀ። የእሷ ሕፃን ሞቶባት ጡቷ ግን አልደረቀም ነበር። ጋሻዬን ወስዳ አጠባችው። እንዲህ ያለ ሰው ነው ጠላቴ የሆነው። ሌላ ሰው ቢሆን መጥላት እንዴት በቀለለኝ!

ፈንታው ወልድያ ወህኒ ወረደ። ትርንጎ ብቻዋን ቀረች። ቅሬው፣ ዕድራችን፣ ባያስወጣትም የሚያናግራት ሰው አልነበረም፤ ውኃ እንኳ የምትቀዳው ሌላው ሰው ቀድቶ ከተመለሰ በኋላ ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ልማድ አመጣሁ። ማታ ማታ ጋሻዬን ከጎኔ አቁሜ «አባታችን ሆይ» ስል፣ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» እልና ቀጥታ «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» እላለሁ። መካከሉን እዘለዋለሁ። «በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋን። ምን ላድርግ? ይቅር አላልኩማ! እግዜርን ፊት ለፊት ከምዋሸው ብዘላት ይሻላል ብዬ ነው። የእኔ ነገር፣ ውሸት አልወድም እላለሁ ደግሞ።

እንዲህ እያልን ዓመታቱ ሄዱ። ጋሻዬ ቁመቱ ከጎጆዬ በር ተስተካከለ። ታዲያ ባለፈው ጥር አሰለች ከላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ስትመለስ ወሬ ይዛ መጣች። «ፈንታው በአመክሮ ሊፈታ ነው አሉ፤ የካቲት ሳያልቅ ይገባል።»

ጋሻዬ ሰማ። ተነሥቶ የአባቱን ምንሽር ከቆጥ አወረደና በጨርቅ ይወለውል ጀመር።

እሰይ! አልኩ በሆዴ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ቀን አይደል? ከዚያ ልጁ አቀርቅሮ ሲወለውል ማጅራቱን አየሁት። ቀጭን ነው፣ የደሳለ ዓይነት። ይገድላል፤ እሱንም ይገድሉታል፤ ያ ቢቀር ዕድሜውን ወህኒ ይፈጃል። በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ሰው አይኖርም።

«ጋሻዬ፣ ተው ልጄ» አልኩት።

«ምኑን ነው የምተወው?»

«ምንሽሩን።»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «እማ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ‹የወንድሙን ደም ያልመለሰ ወንድ አይደለም› እያልሽ ሙሾ ስታወርጂ ያሳደግሽኝ? አሁን ምን ተገኘ?»

እውነቱን ነው። ሙሾውን ያወረድኩት እኔው ነኝ።

በማግሥቱ ወደ ደብራችን ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚያልፉ ተሳላሚዎች አገኙኝ፤ «እናቴ፣ በሰላም ነው?» አሉኝ፤ አልመለስኩላቸውም። አባ ምሥጋናው ከቤተ ክርስቲያኑ ቋጥኝ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባ፣ ልጄን ይገዝቱልኝ» አልኳቸው።

«በምን ነገር?»

«ሰው እንዳይገድል ነዋ! በሥላሴ፣ በኪዳነ ምሕረት ይገዝቱት። የእርስዎን ቃል ይፈራል።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ። «ልገዝተው እችላለሁ፤ ግን አንቺ ጽዋውን አስረሽ፣ እኔ የልጅሽን እጅ እንዴት አድርጌ ልሰር?»

«ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ!»

«ወለተ ሩፋኤል» አሉኝ፣ በክርስትና ስሜ። «እስቲ አባታችን ሆይን በይልኝ።»

አሮጊት ሴትዮ እንደ ሕፃን ጸሎት ስትፈተን! ነደደኝ፤ ግን የነፍስ አባት ናቸው፤ ተነሥቼ አልኩ። እንደ ልማዴ ዘለልኳት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ። እርስዎ ልጅ አልተገደለብዎትም፤ አይፍረዱብኝ።»

«አልፈርድብሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የምትዘዪያት ብቻሽን ስትጸልዪ ነው?»

የጥያቄው ነገር አልገባኝም። ከቄስ የሚጠበቀው ግዝት ነበር፤ ግዝት አልሰጡኝም። እየተራገምኩ ዳገቱን ወረድኩ።

ነገሩ የገባኝ ሌላ ቀን ጠዋት ነው። እሳት ላያይዝ ጭራሮ ስሰብር ጋሻዬ ደጅ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆመ። ምንሽሩ ከትከሻው ነው። ጮክ ብሎ ይጸልያል፣ ደኅና አድርጎ፣ ቃሉን እየለየ፤ እኔ እንዳስተማርኩት። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ። አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን።»

ጭራሮው ከእጄ ወደቀ።

ዘለላት እንኳ አይባልም። ለመዝለል እኮ መጀመሪያ ማወቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን በግዕዝ ይባላል፤ እሱ ግዕዝ ከየት ያውቃል? ጸሎት የተማረው ከእኔ፣ ያውም ከዚያ ወዲህ ነው። ደሳለ ሲሞት እንደ ማንኛውም ልጅ ከብት እያገደ ይውል የነበረ፣ ጸሎት ሲባል እንቅልፍ የሚወስደው ነበር። ይቅር የምትል ቃል በጆሮው ገብታ አታውቅም። እኔ እያወቅኩ ነው የተውኳት፤ እሱ ግን ከነአካቴው አያውቃትም። ወይኔ ወለላ! ለካ ልጄን የገፋሁት በሙሾው ብቻ አይደለም፤ በጸሎቱም ነው።

በዚያው ቀን ጋኑን ከጓዳ አውጥቼ ማጠን ጀመርኩ።

ጌሾው ሲሸት አሰለች እየሮጠች መጣች። «ወለላ! ማን ሞተ?»

«ገና ማንም አልሞተም» አልኳት። «ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው። ለማኅበርተኛው ሁሉ ንገሪ። ለትርንጎም ተራሽ ደርሷል በያት።»

አልቅሳም ይሁን ስቃ እንጃ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች።

ይቅር ብዬ መስሏችሁ ነው? የለም። ድግሱን ስደግስ፣ ዳቦውን ስጋግር፣ ያ ቂም እንዳለ ነው። አንድ ሌሊት ጋኑን ልድፋው ብዬ ተነሥቼ ነበር። ኪዳነ ምሕረትን እንዲህ አልኳት፦ «እናቴ፣ እኔ ልብ የለኝም። ልብ ካለሽ አንቺው አበድሪኝ።» ሌላ ጸሎት አላወቅኩም።

የበዓሉ ቀን ሴቶቹ መጡ። ከእነሱ ኋላ ትርንጎ ገባች። ጌታዬ! ቆዳና አጥንት ሆናለች። መደብ ላይ አልተቀመጠችም፤ ከበሩ ሥር መሬት ላይ ኩርምት አለች። አባ ምሥጋናው ሊባርኩ ሲነሡ ጋሻዬ ከማሳ መጣ። ትርንጎን አያት። ምንሽሩን እንደ ያዘ መቃኑ ላይ ቆመ፤ አልገባም፣ አልወጣም።

«አባታችን ሆይ በሉ» አሉ አባ፣ ምንም እንዳላዩ።

ሁላችንም ጀመርን። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ላይ ስንደርስ ምላሴ ልማዱን ሊሮጥ ሲል ያዝኩት። «በደላችንንም ይቅር በለን» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም፤ ሻክሮ፣ ከሁሉ በላይ ጮኾ ወጣ። «እኛም የበደሉንን...» ብዬ ተሰበርኩ። ሴቶቹ ሲጨርሱት እኔ እያለቀስኩ ከኋላቸው ጨረስኩት።

ጽዋውን ከኩላቡ አወረድኩት። አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ ትርንጎ ፊት ቆምኩ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«አይገባኝም፣ ወለላ። እጄ አይደፍርም።»

«እጅሽን አምጪ!» ብዬ ጮኽኩባት። «ሰባት ዓመት ተሸከምኩት፣ ደከመኝ! ተቀበዪኝ!»

ሁለት እጇን ዘረጋች። አስረከብኳት። ግንባሯን እግሬ ላይ ልትደፋ ስትል ክንዷን ይዤ አነሣኋት፤ ክንዷ እንጨት ነው። ያኔ ብቻ ዓይኗን አየሁት።

ቀለለኝ አልላችሁም። ቀለለኝ የሚል ውሸታም ነው። ደሳለ እንደሆነ አልተነሣም። ግን ከሞተ ጀምሮ ለእሱ ብቻ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ሁሌ እርግማን ይቀላቀልበታል። ያን ቀን ለልጄ አለቀስኩለት።

ሴቶቹ ትርንጎን በእልልታ አጅበው ሲወጡ ጋሻዬ ከመቃኑ ዞር ብሎ አሳለፋቸው። ብቻችንን ቀረን።

«እማ፣ ያቺ ቃል ከየት መጣች?»

«የትኛዋ?»

«‹የበደሉንን› የምትለዋ።»

«ከመጀመሪያውም ነበረች።»

«እኔ አላውቃትም።»

«እኔ ነኝ የደበቅኩህ» አልኩት። «ጌታ ራሱ ያስተማራት ናት፤ ስላልቻልኳት ደበቅኩህ።»

ትክ ብሎ አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ። ምንሽሩን ይዞ ወደ ማሳው ወረደ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ተመለሰ። ፈንታው ከሰኞ በኋላ ይገባል ብለውናል። ምንሽሩን አልሰቀለውም፤ ከራስጌው አስደግፎ እንደ ልማዱ ከጎኔ ቆመ። ጸሎት ጀመርን። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» አለ። እንደ ድሮው ወደ ፈተናው ያልፋል ብዬ ፈራሁ።

«በደላችንንም ይቅር በለን» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ አቆመ። ቀሪዋ አልወጣችውም። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ጥርሱን ነክሷል፤ ግን አልዘለላትም፣ አላለፋትም።

እኔም ቀድሜው አላልፍም አልኩ። እጁን ያዝኩትና ጨለማው ውስጥ አብረን እዚያችው ቃል ላይ ቆምን።