ጨጓራ ነው

...ጨጓራ ነው ይበሉ እንግዲህ፣ ጨጓራ ፀጉር የሚያረግፍ ቢሆን አገር ሁሉ ራሰ በራ በሆነ ነበር፣ እሷ ግን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እሺ ትላለች፣ ሐኪሙም ወንድሟም የወንድሟ ሚስትም በአንድ አፍ ጨጓራ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ ከባለቤቱ የደበቁትስ? ወንድም ተብዬው የብልቃጡን ጽሑፍ በምላጭ ፍቆላታል፣ ኪኒኑ ላይ የታተመውን ግን ማን ይፍቀው። ሞኝ። ዕድሜዋን መርፌ ላይ ክር ስታስገባ የኖረች ልብስ ሰፊ ያን ፊደል ማንበብ ያቅታታል? ስልኳ ላይ ጻፈችው፣ ስልክ ይሉኝታ የለው፣ ካንሰር አላት።

ሰው ያገኘችውም እዚያው ነው፣ የታማሚዎችና የአስታማሚዎች ግሩፕ፣ ስሟ እዚያ የማለዳ ጤዛ፣ ኤዲያ፣ ጤዛ ስንት ሰዓት ሊቆይ፣ ግን እዚያ አይዋሿትም፣ ትውከቱ ተሻለሽ ወይ ይሏታል፣ ጥፍርሽ ጠቆረ ወይ ይሏታል። ቤት ውስጥ ጨጓራ።

ዛሬ ደግሞ አንድ አዲስ ሰው ገብቷል፣ እናት ሆና ያሳደገችኝ እህቴ ናት ይላል፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጨጓራ ነው ብለን ደብቀናታል፣ ብልቃጡን ፍቄዋለሁ፣ ብትሰማ በድንጋጤ ትሞትብኛለች፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቅሳለሁ። ውሃው! ውሃውን ጨረስከው እያለች የምትጮህበት! አንተ ቂል፣ ለማያውቁህ አልቅሰህ ለኔ ጥርስህን ታሳየኛለህ፣ እኔስ ከማን ጋር ላልቅስ?

ይንገሯት፣ ብላ ትጽፋለች፣ አያውቋትም ይላል፣ መርፌ ሲወጓት እንኳ አገር ይያዝልኝ የምትል ሴት ናት። መቼ? ውሸታም! እሱን በጀርባዋ አዝላ እናቷን የቀበረች ሴት ፈሪ ተባለች።

በሩ ይንኳኳል፣ ራሱ ነው፣ ፊቱን ታጥቦ፣ እታለም እንዴት ነሽ፣ ዛሬማ ወዝሽ ተመልሷል፣ ሐኪሙም ጨጓራ ጊዜ ይፈልጋል ብሏል። አዎ፣ ጊዜ፣ ትላለች። አውቃለሁ ልትለው አፏ ላይ ደርሷል፣ ዓይኑ ግን ይለምናታል፣ ብነግረው የሚወድቀው እሱ ነው፣ በሽተኛዋም እኔ አስታማሚዋም እኔ፣ እንዴ፣ የታመመ ሰው ማረፍ የለበትም? እንቅልፌ መጣ ትለዋለች።

ይወጣል። ግድግዳው ስስ ነው፣ ከወዲያ ሶፋው ሲጮህ ይሰማታል፣ ወዲያው ስልኳ እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ እህቴ ይላታል፣ አንቱ ይላታል፣ ተወልዶ አንቱ ብሏት የማያውቅ ልጅ፣ ላስቸግርዎና፣ እርስዎ ሲታመሙ ማን ነገረዎት?

ብዙ ልትጽፍ ትጀምራለች፣ ታጠፋዋለች፣ ማንም፣ ብላ ትልካለች፣ ብቻዬን ነው ያወቅሁት፣ አሁንም ብቻዬን ነኝ።

እኔን፣ እህቴ፣ ይላታል ከግድግዳው ማዶ፣ ለካ ቤተሰብ የለዎትም።