የቃጠሎ ክፍል ፋሻ

የሆስፒታሉ ሂሳብ ሹም የፈለገችው ለቃጠሎ ክፍሉ በቂ ፋሻ እንዲገዛ ብቻ ነበር። በጀቱ የሚከፋፈለው በአልጋ ቁጥር ስለነበር ቶንሲል ያስወጣውም፣ ገላው የተቃጠለውም እኩል ይመደብለታል። እሷም ከክፍል ክፍል ስትንከራተት ከርማ፣ እያንዳንዱ ዓይነት ሕመምተኛ የሚጠይቀውን ወጪ ለየችና ለዳይሬክተሩ አቀረበች። የተቃጠለ ሰው ወጪ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ዳይሬክተሩ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ በራ።

«እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ! ለካ ገንዘባችንን የሚበላው ይሄ ክፍል ነው!»

«ኧረ ዶክተር፣ እኔ ያልኩት እኮ ይጨመርለት ነው።»

«ይቀነስበታል እንጂ! እዚያ የሚተኛው ሁሉ በነፃ የሚታከም ነው። የተረፈው ለከፋዮቹ ክፍል መጋረጃ ይሁን።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ያለው። ዳይሬክተሩ ሳያስነጥሰው መሐረብ የሚያቀብለው፣ አብሯት የገባው ምክትሏ «እሳት ካየው ምን ለየው!» ብሎ ተረተ። ሁለቱም ተንከተከቱ። እሷ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

ወር ሳይሞላ ወደ ቃጠሎ ክፍሉ ወረደች። ሽታው ገና ከኮሪደሩ ተቀበላት። ያገለገለ ፋሻ ተቀቅሎ መስኮቱ ላይ ተሰጥቷል፤ መግሉ ግን አልለቀቀም። አዲስ የተመደበች ነርስ ምድጃ ፈንድቶባቸው የተቃጠሉ እናት እጅ ላይ የተጣበቀውን ፋሻ ትልጣለች። ሴትዮዋ ትራሱን ነክሰዋል።

«ምን ላድርግ ብለው ነው?» አለች ነርሷ። «አንዷ የሂሳብ ሹም አጥንታ አስቀነሰችብን አሉ። እጇ ይሰበርና!»

«እኔ ነኝ።»

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። «እንግዲያው ነይ፣ እጃቸውን ያዢ» አለቻት፣ አንቱታውን ትታ።

ያዘች። ቆዳው ከፋሻው ጋር አብሮ ሲነሳ አየች።

ከዚያ በቀጥታ የቦርዱ አባላት ምሳ ወደሚበሉበት አዳራሽ ገባች። ያየችውን፣ የሸተታትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ሰው እየበላ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ።

የቦርዱ ሰብሳቢ ሳህናቸውን ገፉ። «በቃ፣ በቃ! ፋሻውን መልሱላቸው፤ ሁለተኛ እንዳልሰማው። አንቺም ውጪልኝ።»

ፋሻው ተመለሰ። ያስመለሰው ርኅራኄ ሳይሆን የሰብሳቢው ሆድ መታወክ ነው። ወንበሯን ምክትሏ ወሰደ፤ እሷም ሌላ ሥራ እስክታገኝ ቤቷ ዋለች። ባሏ «ምን አገባሽ?» ሲላት ምሳውን አቀረበችለት። የዳይሬክተሩና የምክትሏ ሳቅ ትዝ ባላት ቁጥር ግን፣ የጎረሰችውን መዋጥ ያቅታት ነበር።