በኮቱ ገበር ውስጥ

ነርሷ ሁለት ፓኬት ክኒን ሰጠችኝ። «አንዱ ያንቺ ነው፣ አንዱ የባልሽ። በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ አንዳችሁ ብቻ ብትታከሙ ተመልሶ ይይዛችኋል» አለች። ለእሷ አፍ ቀላል ነው! እኔ ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም፤ ግን ማን ያምነኛል? «ከየት አመጣሽው?» ብሎ ሲያፈጥብኝ ገና በመንገድ ላይ ታየኝ።

ቤት ገብቼ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስፈራ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ባሌ የተቀደደ ኪሱን እንድሰፋለት ትቶት የሄደውን ኮት አነሳሁ። ሃያ ዓመት ስሠራ ኪስ ሳልገለብጥ ሰፍቼ አላውቅም። ስገለብጠው በቀዳዳው ሾልኮ ገበሩ ውስጥ የገባ ነገር እጄን ነካኝ። ሳወጣው ያው ፓኬት ነው፤ ስሙም ቀለሙም ያው፣ ውስጡ ግን ባዶ። አብሮት በባሌ ስም የተጻፈ፣ የታጠፈ የክሊኒክ ወረቀት አለ። ቀኑ ወር አልፎታል። ከታች «ባለቤትዎም መታከም አለባቸው» ይላል፤ ተሰምሮበታል።

ክው አልኩ።

በሩ ተከፈተ። «እመቤት፣ ኮቴ ደረሰ?» አለ ባሌ እየሳቀ። የስፌት መኪናው ላይ ባዶውን ፓኬትና ነርሷ ለእሱ የላከችለትን ሙሉውን ጎን ለጎን ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ውሃ ቀዳሁለት።

«መጀመሪያ ዋጥ» አልኩት። «ከዚያ ከየት እንዳመጣኸው ትነግረኛለህ።»