ከውሃ መቅጃው በላይ

«ይሄ የማን ነው?» አለ ታላቅየው፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ነጭ ጨርቅ አንጠልጥሎ ከወንዙ እየመጣ። ከጨርቁ ውሃ ይንጠባጠባል። «እኮ የማን ነው? ምን ያስፈጥጣችኋል?»

የማን እንደሆነ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ድንኳን ተክለው ወንዝ ዳር ካደሩት ሰዎች መካከል የሽንት ጨርቅ የሚያስፈልጋት አንዲት ሕፃን ብቻ ናት፤ እሷም እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ጣቷን ትጠባለች። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ጨርቁን ራሷ ቆርጣ ራሷ የሰፋችው ስለሆነ የዳሩን ስፌት ገና ከሩቅ ለየችው።

«የኛ ነው» አለችው የባሏን ታላቅ ወንድም። «ከየት አገኙት ጋሼ?»

«ከየት አገኙት ትለኛለች! ውሃ ከምንቀዳበት ነዋ! ጄሪካኑን ልነክር ስል እጄ ላይ ተጠመጠመ። በዚህ ውሃ እኮ ነው ሻይ የጠጣነው!»

አማቷ የያዙትን ብርጭቆ አዩት። የቀረውን ሻይ ሣሩ ላይ ደፉና እንትፍ እንትፍ አሉ።

«እኔ ድሮም ብያለሁ። ሱቁን ሁሉ ዳይፐር ሞልቶት ሳለ ጨርቅ ተሸክሞ ዱር መውጣት ምን የሚሉት ነገር ነው? እኛ እንኳ ጨርቅ ስናጥብ የኖርነው ሌላ አጥተን ነው።»

«ቆዳዋ አይቀበለውም እማማ። የሱቁን ባደረግሁላት ቁጥር ጭኗ ይላጣል። እርስዎም አይተዋል።»

«አይቻለሁ። ሽንት መጠጣትን ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ግራ ገባት። ትናንት ከመጡ ጀምሮ የምታጥበው በሳፋ ነው፤ ከወንዙ ርቃ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ፣ እጣቢውንም ራሷ በቆፈረችው ጉድጓድ እየደፋች። ጨርቅ ይዛ ወንዙ ዳር ዝር አላለችም። የሌሊቱን ጨርቆች ደግሞ ጭራሽ አልነካቻቸውም፤ ጠዋት ስትነሳ ታጥበውና ተጨምቀው ከድንኳኑ ጀርባ ተሰጥተው ነው ያገኘቻቸው። «ለካ ያስብልኛል!» ብላ በሆዷ ባሏን መርቃው ነበር። ቤታቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ ያግዛታል። ብረት በያጅ ነው፤ ክንዱ ጨርቅ ሲጨምቅ አንዲት ጠብታ አያስቀርም።

ዞር ብላ አየችው። ብረት በያጁ ምድጃው ላይ አጎንብሶ፣ እየነደደ ያለውን እሳት እፍ እፍ ይላል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ድረስ እርጥብ ነው። በሳፋ የሚያጥብ ሰው ደግሞ ጉልበቱ ድረስ አይርስም። ያኔ ነገሩ ገባት። ወንድሙ እንዳያየው ብሎ ገና ሳይነጋ ወደ ወንዙ ሄዷል፤ ከሰው ዓይን ልሰወር ሲል ወንዙ ከሚጠመዘዝበት ወዲያ አልፏል፤ ከመጠምዘዣው ወዲያ ያለው ደግሞ ከመቅጃው በላይ ነው። አንዱ ጨርቅ አምልጦት ውሃው ወስዶታል።

አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። ቀና አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቃ ወንድሜ፣ ይቅር በላት» አለ። «ሳታውቅ ነው። ሁለተኛ አይለምዳትም።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ሰውየው ዝም ቢል ኖሮ ፈሪ ተብሎ ይታለፍ ነበር። እሱ ግን ሚስቱን ወክሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታ የጠየቀ ደግሞ ጥፋቱን አምኗል። ልብስ ሰፊዋ ባሏ እንዲህ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሊናገር ይችላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ታላቅየው ጨርቁን እግሯ ስር ወረወረው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ላገኘው ሰው ሁሉ ስም ማውጣት ይወዳል፤ የሚያወጣው ስም ደግሞ እንደ መዥገር ነው፣ አንዴ ከተጣበቀ አይለቅም። የገዛ ሚስቱን በሙሽርነቷ ሾርባ ላይ ጨው አበዛች ብሎ «ጨው» አላት። ይኸው ልጆቿ አድገው ከቤት ወጥተው እንኳ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ ባለ ሱቁም «ጨው» ነው የሚላት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን ተረት ይህ ቤተሰብ የሚያውቀው በክፉ ጎኑ ነው። ልብስ ሰፊዋን እስከዛሬ «ሙሽሪት» እያሉ ይጠሯት ነበር፤ እሷም ትወደው ነበር።

«እንግዲህ ድፍርስ» አለ ታላቅየው፣ የጄሪካኑን ውሃ እየደፋ፣ «ያደፈረስሽው እስኪጠራ ድረስ ምን እንደምንጠጣ ንገሪን።»

አማትየው ሳቁ። ጨውም ሳቀች። ብረት በያጁም ሳቀ፤ ትንሽ ነው የሳቀው፣ ግን ሳቀ።

ልጇን አቅፋ ወደ ድንኳናቸው ገባች። ባሏ ተከትሏት ገብቶ ዚፑን ዘጋ።

«አንተ ነህ ያጠብከው» አለችው።

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።»

«ይስሙ እንጂ! በሳፋ እጠብ፣ ከወንዙ ራቅ ብያለሁ ወይስ አላልኩም?»

«ብለሻል። ሳፋው ጋ ወንድሜ ተነስቶ ሲጋራውን እያጨሰ ነበር። ምን ላድርግ? ባልዲ ሙሉ የሽንት ጨርቅ ተሸክሜ በፊቱ ልለፍ?»

«ብታልፍ ትሞታለህ?»

«አታውቂውም እንዴ? ስም ያወጣልኛል። ወርክሾፕ ድረስ መጥቶ በሠራተኞቼ ፊት ይጠራኛል። ከዚያ በኋላ ማን ያከብረኛል?»

«እኔንስ? እኔ ስም ሲወጣልኝ የማያመኝ ነው የመሰለህ?»

ብረት በያጁ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው ታስሯል። ፈትቶ እንደገና አሰረው።

«አንቺ ሴት ነሽ» አለ በመጨረሻ። «ጨርቅ አጠበች ቢሉሽ ምን ነውር አለው? ደግሞ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ነገ ወደ ቤታችን እንገባለን። እክስሻለሁ።»

«በምን?»

ብረት በያጁ ዚፑን ከፍቶ ወጣ። ወዲያው ከውጭ የወንድማማቾቹ ሳቅ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። ይህን ሰው የምትወደው ልጁን ሲያቅፍ፣ ጨርቅ ሲያጥብ፣ ሌሊት ተነስቶ ሲያባብል ስላየችው ነበር። ለካ ያ ሁሉ በር ተዘግቶ ብቻ የሚሠራ ነው! እናቱና ወንድሙ ባሉበት ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሌላው ሰው ደግሞ እሷን አሳልፎ ለመስጠት አንዲት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ምሳ ፓስታ ነበር። አማትየው በአዲስ ውሃ ቀቅለው እያወጡ፣ እሷ ፊታቸው ቆማ ሳለ የሌለች ይመስል «ድፍርስ እጇን ሳትታጠብ ሳህን እንዳትነካ በሏት» አሉ። እጇን ታጥባ ነበር። ድጋሚ ታጠበች። ታላቅየው «ከታች በኩል ነው የታጠብሽው?» ብሎ ጠየቃት፤ ሁሉም እንደገና ሳቁ። ብረት በያጁ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ያላምጣል።

ጨው አጠገቧ መጥታ ቆመች። ደግ ሴት ናት፣ ክፋት የላትም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፦

«ቻይው እህቴ» አለቻት። «ይለመዳል። እኔም መጀመሪያ መጀመሪያ አለቅስ ነበር። አሁን ግን በስሜ ቢጠሩኝ ዞር የምል አይመስለኝም።»

ከጠዋት ጀምሮ ከሰማችው ስድብ ሁሉ ይሄ ደግ ቃል ነው ልብስ ሰፊዋን ያስደነገጣት። የጨውን ፊት አየችው። ሴትዮዋ የምሯን ነው፣ ልታጽናናት ነው የመጣችው። ልብስ ሰፊዋ ራሷን በእሷ ዕድሜ፣ በሌላ ሰው ጥፋት በወጣላት ስም «አቤት» ስትል ታያት፤ አንዲት ሴት ልጅም አጠገቧ ቆማ ይህን እየሰማች ስታድግ።

ሕፃኗ ያን ጊዜ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ ምንጣፉ ላይ አስተኝታ ፈታቻት፤ ጠረገቻት፣ ደረቅ ጨርቅ አጠፈችላትና አሰረችላት። የቆሸሸውን ባልዲው ውስጥ ከተተች። ልጅቷን ታቅፋ፣ ባልዲውን በሌላ እጇ አንጠልጥላ ሁሉም ወደተቀመጡበት ሄደችና ባልዲውን ባሏ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«ጠዋት እንዳጠብከው እጠበው» አለችው፣ ማንም ሳይሰማ እንዳይቀር ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የአሁኑን ግን ከመቅጃው በታች።»

የታላቅየው ሹካ አየር ላይ ቀረ። አማትየው ከሁሉ ቀድመው ነቁ።

«አምጪ ወዲህ፣ እኔ አጥበዋለሁ። እሱ ምን ያውቃል!»

«ይተዉት እማማ። ከእኔ የበለጠ ያውቅበታል።»

«አንተ» አለ ታላቅየው፣ ወደ ወንድሙ ዞሮ። «እውነቷን ነው?»

ብረት በያጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ወንድሙንም እናቱንም አላየም፤ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ «ቀልዴን ነው በያቸው» አላት። ዓይኑ ይለምናት ነበር። እንዲህ ሲያያት እምቢ ብላው አታውቅም። አንዲት ቃል ብትናገር ሁሉም ይስቃሉ፣ ፓስታቸውን ይበላሉ፣ እሷም ድፍርስ ሆና ወደ ቤቷ ትገባለች።

ልብስ ሰፊዋ ሳህኗን አነሳችና ከጨው አጠገብ ተቀመጠች።

«‹ቀልዴን ነው በያቸው› እያለኝ ነው» አለች ጮክ ብላ። «አልቀለድኩም።»

ልጇን ጭኗ ላይ አመቻችታ መብላት ጀመረች። ፓስታው ቀዝቅዟል።