ከዳቡስ ውሃ የተገኘው ባሕር

የባሕር ፍጥረት አሶሳ ምን ይሠራል?

ዶክተር ኡርጂ ቶሌራ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ይህን ጥያቄ ስታመላልስ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሥራዋ በዓይን የማይታዩ የውሃ ተሕዋስያንን ዘረመል ማጥናት ነው። ሰባት ዓመት ኖርዌይ ኖራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ መርከብ ላይ፣ የውቅያኖስ ውሃ በስስ ማጣሪያ ስታጠልል። አምና ወደ ተወለደችበት አሶሳ የተመለሰችው ያንኑ ሥራ ከሌላው ጫፍ ልትጀምረው ብላ ነበር። የዳቡስ ውሃ ዓባይ ገብቶ ባሕር እስኪደርስ በውስጡ ያሉት ተሕዋስያን የት ላይ እንደሚያልቁ፣ የት ላይ በሌሎች እንደሚተኩ ማወቅ ፈለገች።

አሁን ግን ከዳቡስ ከተቀዱት ዘጠኝ ናሙናዎች በአራቱ ውስጥ፣ ከጨው ባሕር ውጭ መኖር የማይችል ተሕዋሲ ዘረመል ተገኘ።

ወንዙ እንዲህ ያለውን ነገር አያመጣም። ሰው ነው የሚያመጣው። ከቤተ ሙከራው ፍሪዘር ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከኖርዌይ ይዛ የመጣቻቸው፣ የባሕር ውሃ የተጣራባቸው ማጣሪያዎች አሉ። የፍሪዘሩ ቁልፍ ያለው በሁለት ሰዎች እጅ ነው፤ በእሷና በሻዕባን።

ሻዕባን አርባ ዓመት ያለፈው የቤርታ ሰው ነው። ባምባሲ የውሃ ፓምፕ ሲያንቀሳቅስ ኖሮ ነው ወደ ምርምር ጣቢያው የመጣው። በየማክሰኞው በሞተር ሳይክል ዳቡስ ይወርዳል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ያጣራል፣ ማጣሪያውን ፍሪዘር ይከታል። ኮንትራቱ ሰኔ ሠላሳ ያበቃል። የሚታደሰው ኡርጂ በምትጽፈው ሪፖርት ነው።

መጠርጠር ከጀመረች በኋላ ማስረጃው በራሱ ጊዜ ይመጣላት ጀመር። አንድ ማክሰኞ ከወትሮው ቀድሞ ተመልሷል። ሌላ ቀን ዝናብ ሲጥል ውሎ ጫማው ደረቅ ነበር። ምናልባት ማጣሪያ ተቀዶበት፣ ፈርቶ፣ ከታችኛው መሳቢያ ሌላ አንሥቶ ተካ። ምናልባት ጭራሽ ወንዙ ጋ አልሄደም።

«ሻዕባን፣ የጥር ወሩን ውሃ ከየት ነው የቀዳኸው?»

«ከዳቡስ ነዋ፣ ዶክተር። ከድልድዩ በላይ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዳቡስ እኮ ትልቅ ነው። አይጠፋም» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ዝናብ የዘነበ ቀን ጫማህ ለምን ደረቅ ነበር?»

«ሰው ውሃ ውስጥ በጫማ ይገባል እንዴ? አውልቄ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ነው።»

«የታችኛውን መሳቢያ ከፍተህ ታውቃለህ?»

«መብራት ሲጠፋ በረዶ ልጨምር እከፍታለሁ። አንተ ነህ ያዘዝከኝ!» ሻዕባን ሲናደድ አማርኛው ሴትና ወንድ መለየት ያቆማል።

«ስለዚህ ትከፍታለህ» አለችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሻዕባን የሰፈሩን ሽማግሌ ሼህ ኦመርን አስከትሎ ቢሮዋ መጣ። ሽማግሌው የተሰጣቸውን ወንበር ወደ እሷ አስጠጉት።

«ልጄ፣ እኔ የባሕር ነገር አላውቅም፣ ወላሂ። ግን አለቃና ሠራተኛ ተኳረፈ አሉኝ። ኩርፊያ ቤት ያፈርሳል። በል ሻዕባን።»

ሻዕባን መሬት መሬት እያየ ዝቅ አለ። «ጥፋቱ የእኔ ይሁን፣ ዶክተር። ይቅር በይኝ።»

ኡርጂ «እሺ» አለች። ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሻዕባን ፊቱን አበሰ። ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ድምፁን ሰማችው፤ እየሳቀ ነበር።

ያ ሳቅ ቆረቆራት። ያላጠፋ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም፤ ይቅርታ ጠይቆ የሚስቅ ደግሞ የተገላገለ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ሪፖርቷን ጨረሰች፦ «ሠራተኛው ጥፋቱን በሽማግሌ ፊት አምኗል።» ሰኔ ሠላሳ የሻዕባን ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ለጽሑፏ ፋይሎችን ስታደራጅ አንድ ያልከፈተችው አገኘች። አሥረኛው ነበር። ከዘጠኙ ናሙናዎች ጋር ለመቆጣጠሪያ ብላ ራሷ ቤቷ አሽጋ ወደ ኖርዌይ የላከችው፣ ምንም ያልገባበት ቱቦ ውጤት። ሻዕባን ቱቦውን በዓይኑም አላየውም።

ከፈተችው። ባሕሩ እዚያም ውስጥ አለ።

የናሙናዎቹን ዘረመል በማሽን ወዳነበበችላት የቀድሞ ባልደረባዋ፣ ወደ ሄልጋ፣ ኖርዌይ ደወለች።

«ከመርከቡ ናሙናዎች ጋር በአንድ ማሽን፣ በአንድ ዙር ነው ያነበብናቸው» አለች ሄልጋ፣ ምንም ሳይመስላት። «የየናሙናው መለያ ኮድ አንዳንዴ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ የባሕሩ በወንዙ ስም ይመዘገባል። አንቺ አይደለሽ እንዴ ለተማሪዎቹ የምታስተምሪው?»

አስተምራለች። የሻዕባንን ጫማ ስትመረምር ግን ሄልጋን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልጠረጠረቻትም።

ወደ ሰው ሀብት ቢሮ ሮጠች። የቢሮው ኃላፊ በቀለች መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት።

«ዶክተርዬ፣ ‹አምኗል› ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ።»

«ይቅርታ ሲለኝ ያመነ መስሎኝ…»

«ኧረ በስመ አብ! ሽማግሌ ፊት ይቅርታ ያላለ ማን አለ? እኔ ለባሌ እናት በየዓመቱ እላለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አጥፍቼባት አላውቅም። ታናሹ ‹የእኔ ይሁን› ይላል፣ ጠቡ ያልቃል። ማን አጠፋ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? አባትሽ ስንቱን ሲያስታርቁ አላየሽም?»

አይታለች። አባቷ የጎረቤቶቻቸውን ጠብ በዚሁ መንገድ ሲፈቱ፣ እሷ ከበሩ ጀርባ ሆና ስትሰማ ነው ያደገችው።

«አሁን ምን ይደረግ?»

«ቦታው ማስታወቂያ ሊወጣበት ነው። እስከ ዓርብ መጥቶ ከፈረመ አስቀረዋለሁ። ግን ኩርሙክ በኩል ወርቅ ፍለጋ ወርዷል ይላሉ።»

ስልኩ ዝግ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በቴሌግራም ጻፈችለት፦

«ሻዕባን፣ ውሃው ከዳቡስ ነበር። ሥራህ ንጹሕ ነው። ስሕተቱ ኖርዌይ ነው የተፈጠረው፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ሪፖርቴን በደብዳቤ ሽሬዋለሁ። እስከ ዓርብ መጥተህ ፈርም። መምጫ ከሌለህ ያለህበትን ንገረኝ፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ከመልእክቱ ሥር ሁለት ምልክት ታየ። ተነቧል።

ማን አነበበው? ስልኩን ለሌላ ሸጦት ይሆን? ወይስ አንብቦ፣ ይህችም እንደዚያኛዋ «እሺ» ናት፣ ከኋላዋ ሌላ ወረቀት አለ ብሎ ጠረጠራት? እሷ በእሱ ቦታ ብትሆን የምትጠረጥረው ይህንኑ ነበር። ሐሙስን ስልኳን እጇ ላይ ይዛ ዋለች። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቀለች ማስታወቂያውን ይዛ ወጣችና ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው።

ከሻዕባን መልስ አልመጣም።